መልአክ ያወጣውን ስም ማን ይጽፈዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ሕዝባችን። የዩክሬይን ሕዝብ የስም ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ መልአክ ያወጣውን ስም በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ማን ነው? በየትኛውስ ቋንቋ? የዩክሬይን ሕፃናት የሚጠሩባቸውን ስሞች ትርጉም ስንመረምር ከዚህ ጥያቄ ልንሸሽ አንችልም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስሞቹ የመጀመሪያ ወገን የጥንቱ የኪይቭ መሳፍንት ያወረሱት ነው። መሳፍንቱ ሁለት ቃላት እያጣመሩ ለልጆቻቸው ስም ያወጡ ነበር። «ስላቭ» ክብር ወይም ዝና ማለት ነው፤ ስለዚህም ያሮስላቭ ብርቱ ዝና ያለው፣ ስቪያቶስላቭ ቅዱስ ክብር ያለው እንደማለት ነው። ቮሎዲሚር «መግዛት» ከሚል ሥር የተገኘ ሲሆን ሕዝቡ «በሰላም የሚገዛ» ወይም «ዓለምን የሚገዛ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሥርወ መንግሥቱ ከስካንዲናቪያ የመጣ በመሆኑም ኦሌህ፣ ኦልሃና ኢሆር የሚሉት ስሞች የተወረሱት በሰሜን ሄልጊ፣ ሄልጋና ኢንግቫር ይባሉ ከነበሩት ነው። ዛሬ ግን ባዕድ ናቸው የሚላቸው የለም። ስም የአገር ልጅ የሚሆነው ከሥሩ ይልቅ በጠሪዎቹ አፍ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ሁለተኛው ወገን ከክርስትና ጋር የገባው ነው። ልዑል ቮሎዲሚር በ988 ሕዝቡን ሲያስጠምቅ እርሱ ራሱ የክርስትና ስሙ ቫሲል፣ ማለትም ባስልዮስ ነበር። አያቱ ኦልሃ ቀደም ብላ ስትጠመቅ ኦሌና፣ ማለትም እሌኒ ተብላለች። የዓለም ስምንና የክርስትና ስምን ጎን ለጎን መያዝ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የግሪኩ ስም በሕዝቡ አንደበት ሲታሽ ኒቆላዎስ ሚኮላ፣ ክሴንያ ኦክሳና፣ ቴዎድሮስ ፌዲር ሆነ። የሶፊያ ልጆች የነበሩት የሦስቱ ሰማዕታት ስም ደግሞ በቀጥታ ተተረጎመ፤ ቪራ፣ ናዲያና ሊዩቦቭ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ማለት ናቸው። ቦህዳን «እግዚአብሔር የሰጠው» ማለት ስለሆነ ከቴዎድሮስ ጋር በትርጉም ይዛመዳል። በ1648 በፖላንድ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የኮሳኮች ዐመፅ የመራው ክሜልኒትስኪ በታሪክ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የአገዛዝ ምዕራፍ ነው። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በ1863 በዩክሬይንኛ የሃይማኖትና የትምህርት መጻሕፍት እንዳይታተሙ ከለከለ፤ በ1876ም እገዳውን አጠበቀ። በሶቪየት ዘመን፣ ከ1923 ጀምሮ፣ ቋንቋውን የሚያበረታታ ፖሊሲ ቢታወጅም በ1930ዎቹ ተቀለበሰ። አብዮቱ የራሱን ስሞችም አመጣ፤ ቭላድሌን የቭላዲሚር ሌኒን ምኅጻር ነው፣ ኒኔል ደግሞ ሌኒን የሚለው ስም ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። ከእነዚህ ይልቅ ግን ሥር የሰደደው ጸጥተኛው ለውጥ ነበር። ሚኮላ ኒኮላይ፣ ኦሌና የሌና፣ ቮሎዲሚር ቭላዲሚር ተባለ። ልዩነቱ የአንድ ሁለት ፊደል ይመስላል። ይሁን እንጂ ልጁ እናቱ የጠራችውን ስም ቤት ትቶ፣ በሹመትና በዕድገት መንገድ በሌላ ስም እንዲጓዝ የተደረገው በዚሁ በአንድ ሁለት ፊደል ነው።

ዩክሬይን በ1991 ነፃነቷን ስታውጅ ብዕሩ እጅ ለወጠ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሩስኛ ተናጋሪ የሆነ ዜጋ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ በዩክሬይንኛ ቅርጽ መጻፉን ተቃውሞ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2007 መብቱ አልተጣሰም ብሎ ወሰነ። እኛ ግን ጉዳዩን በቀላሉ አናልፈውም፤ ትናንት ስሙ የተተረጎመበት ሕዝብ ዛሬ የሌላውን ስም ሲተረጉም ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል እንላለን።

ሩሲያ በ2022 ዩክሬይንን በሙሉ ኃይሏ ስትወርር የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአንድ ስም የሚጠሩ ነበሩ፤ አንዱ ቮሎዲሚር፣ ሌላው ቭላዲሚር። ሁለቱም ስሞች ወደዚያው ወደ ኪይቩ ልዑል ይመራሉ። የልዑሉ ሐውልት በኪይቭ የቆመው በ1853 ሲሆን ሞስኮ የራስዋን ያቆመችው በ2016 ነው። ስሙ ሰላም የሚል ቃል ያዘለ መሆኑ ወረራውን አላስቀረም።

ስለዚህ ዛሬ በስደትም ሆነ በመጠለያ ለተወለደ ሕፃን ሚኮላ ወይም ኦሌና የሚል ስም የሚያወጡ ወላጆች የቃሉን ፍቺ ብቻ አይመርጡም። ልጁ በየትኛው ቋንቋ «አቤት» እንደሚል ጭምር ይወስናሉ።