ሲያድግ እጁን የሚጥል ትምህርት ቤት

መቅደላ አምባ ላይ ዛሬም አንድ ግዙፍ መድፍ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ያሉት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ነው። ወሎ ያደገ ሰው የዚህን መድፍ ታሪክ የሚሰማው ከጉተታው ጀምሮ ነው፤ ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ትከሻና ክንድ እየተሳበ መጋቢት ላይ አምባው ሥር መድረሱን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጉተታው በፊት የነበረው ነው።

መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ንጉሡ ከስዊዘርላንድ ከቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡትን ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርንና ባልንጀሮቻቸውን እዚያ አስቀመጧቸው። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ግን አልለቀቋቸውም፤ ሞክሩ አሏቸው፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረዋቸው ውለው እቶን ማንደድ፣ ማዕድን ማቅለጥ፣ ጋሪ መሥራት ተማሩ። ጋፋት የጦር መሣሪያ ማምረቻ ብቻ ሳይሆን በዘመኑ አቅም የሙያ ትምህርት ቤትም ነበረች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ጋፋትም በዚያው ቀረች።

ለምን ቀረች ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በንጉሡ ሞት ብቻ አያልቅም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ሁሉም በየመንደሩ በስድብ የሚጠሩ ነበሩ። ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ የሚቀበል ገበሬ ከቀጥቃጩ ጋር በጋብቻ መዛመድ አይፈልግም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን እየሰደበ ሙያውን የሚያስጥል ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግን በዋናነት ያስተማረው ቋንቋ ነበር። መንግሥት በጊዜው በብርቱ የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ስለነበር አልፈርድበትም። ያም ሆኖ የተማረ ሰው ማለት ብዕር የያዘ ነው የሚለው ሐሳብ ያኔ ሥሩን ሰደደ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ተግባረ ዕድ የምንለው ነው። እሱን አልፌ ወደ ጎንደር ልሂድ፤ የአገራችንን የሙያ ከፍተኛ ትምህርት በሙሉ ክብሩ ያየሁት እዚያ ነውና።

በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ፈጀ። ሐኪም አልነበረም፤ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሲሆን አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ። የሚገርመው የትምህርቱ አወቃቀር ነው። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ አሠለጠነ እንጂ። ሦስቱ ለየብቻ ተመርቀው አልተበተኑም፤ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው እየሠሩ ተማሩ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ከቤት ቤት ትዞራለች፣ ሌላው ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ሥርዓተ ትምህርቱ የተነሣው ከሌላ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከደምቢያ ሕመም ነበር። የጤና መኮንኑ ዲግሪ ይዞ ወጥቶ ገጠር ገባ፤ የአገሪቱ ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት የቆሙት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

በደርግ ዘመን ኮሌጁ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፤ ሐኪም ማፍራቱም የሚያኮራ እርምጃ ነበር። ግን በዚያው የጤና መኮንን ሥልጠናው ተቋረጠ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ ገጠሩ ሰው ሲያጣ፣ እንደገና መጀመር ነበረበት።

ባሕር ዳርም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የእርሻ መሣሪያ። ፋብሪካና ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ተተከሉ። በ1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅም የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤትም በዚያው መንገድ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ በመብዛቱ የሚያዝን ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አላዝንም። የሚያሳዝነኝ ጉዞው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ሲጠነክር፣ ስሙ ሲገንን፣ መምህራኑ ሲበረቱ፣ ሽልማቱ የሙያ ትምህርት ቤትነቱን መተው ነው። ሲያድግ እጁን ይጥላል። ከታች የሚተካው አዲስ ኮሌጅ ደግሞ ወርክሾፑንም መምህሩንም ከዜሮ ይጀምራል።

ደሴ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ የሚነግረን። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመ የወሎ ታላቅ የቀለም ቤት ነበር። ዋለልኝ መኮንንና ብርሃነ መስቀል ረዳ የተማሩበት፣ የአገሪቱን የተማሪዎች እንቅስቃሴ ከቀረጹ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ዛሬ ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ሲገናኙ ይህ ለውጥ ሲነሣ ፊታቸው የሚጠቁር አሉ። ትዝታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሪባን የምንቆርጥ፣ የቀለም ትምህርት ቤት ቶርኖና ብየዳ ሲገባበት የምናዝን ከሆነ፣ የ1900ው አዋጅ ሥራውን ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

የተማሪዎች አመዳደብ ሥርዓትም ይህንኑ ስሜት አጠናከረው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ሲደመር 1፣ 2 እና 3 የሙያ ሥልጠና ሲስፋፋ፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ሙያ ሄደ። አሁን መለያው 12ኛ ክፍል ሆኗል። የ2014 ተማሪዎች በተፈተኑበት ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር። የቀረው ሕዝብ የት ይሂድ ሲባል መልሱ ‹ወደ ቴክኒክና ሙያ› ነው። በወደቁ ልጆች መጠለያነት የሚታይ ቤት ደግሞ ጎበዝ ልጅም ጎበዝ መምህርም አይመርጠውም።

ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በየዘመናቸው የነበራቸው ዕድል ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ተደርድሮ እናገኘዋለን። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራው፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ፤ በየቀበሌው ለሚመደቡት ሦስት ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠና የሰጠው ግብርና ኮሌጁ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በባጃጅ ይደረሳል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ይህን ሁሉ አቆሰለው፤ ፋብሪካው ተዘረፈ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራና ኮምፒውተር ተጫነ፣ የተረፈው ተሰባበረ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ መታገዷ የፓርኩን ገበያ መታው። መልሶ ማቋቋሙ ላይ ግን ከገንዘብ እኩል የሚያስፈልገው የተበጣጠሰ መስመር የሚቀጥል፣ የማሽን ሥዕል አንብቦ የጎደለውን ዕቃ ቶርኖ ላይ የሚያወጣ ሰው ነው። ያ ሰው በመማሪያ ክፍል ብቻ አይወጣም።

ጀርመኖች ይህን የፈቱት ሠልጣኙ ከድርጅት ጋር ውል ፈርሞ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ሥራ ላይ፣ አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት እንዲውል በማድረግ ነው። እኛም ‹የትብብር ሥልጠና› ብለን በመመሪያችን አስገብተነዋል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ሠልጣኙ ደብዳቤ ይዞ ፋብሪካ በር ላይ ይቆማል፤ ከገባም ማሽን አትንካ ተብሎ ቆሞ ያያል። ፋብሪካው ላይ አልፈርድም። የሰለጠነ እጅ ለሚያፈራለት ኮሌጅ ጊዜና ማሽን የሚያካፍልበት ውልና ማካካሻ አልተዘጋጀለትም።

ይህ ክፍተት የሚታየው ቢስቲማ ላይ ነው። ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ወረዳው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት አገር። ወረባቦና ጎረቤቶቿ ቃሉና ተሁለደሬ ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር በመላክ ይታወቃሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የእነዚህ ወረዳዎች ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ የወጣው የ2008ቱ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ሂያጇ የ8ኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠየቀ። ስለዚህ የሙያ ማሠልጠኛዎች ማጠቢያ ማሽን፣ ካውያ፣ የወጥ ቤት ምድጃ አስገብተው የቤት አያያዝ ማሠልጠን ጀመሩ። ልጅቱ ሳትሠለጥን ከምትሄድ ሠልጥና መሄዷ ይሻላል፤ የሚያሠለጥኗትም መልካም ያደርጋሉ። ግን እውነቱን እንነጋገር። የዚህ ሥልጠና ቀጣሪው ይታወቃል፣ ደመወዙ ይታወቃል፣ የሚፈለገው ችሎታ ይታወቃል። እዚሁ ቅርብ ላለው ኮምቦልቻ ለሚሠለጥን ልጅ ከሦስቱ አንዱም አይታወቅም። ጅዳ ያለ ቤት ከወረባቦ ጋር ያለው ግንኙነት ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ካለው የጠበቀ መሆኑ ያመኛል።

ችሎታው እዚሁ እንዳለ ለማየት እንደ ቢስቲማ ባለ ከተማ ብየዳ ቤት በር ላይ ቆም ማለት ነው። በያጁ ልጅ ቱቦላሬውን 45 ዲግሪ ቆርጦ በስኳድራ ያገጥመዋል፤ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ብየዳ ይይዘዋል። ላሜራው ስስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ትንሽ ከበዛ ይበሳል፣ ካነሰ አይዝም፤ ልኩን የሚያውቀው በድምፁ ነው። አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ ሙሉውን ቢበይደው በሩ እንደሚጣመም ያውቃል፤ ስለዚህ እያቀያየረ፣ እያሳረፈ ይሠራል። ብረት ሲሞቅ ለምን እንደሚለጠጥ፣ ሲበርድ ለምን እንደሚስብ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚስብ አስቀድሞ ማስላት እንደሚቻል የነገረው ግን የለም። የኮምቦልቻው ኢንስቲትዩት ያንን ስሌት ያስተማረው የምህንድስና ተማሪ ደግሞ ኤሌክትሮድ ሳይዝ ሊመረቅ ይችላል። የሙያ ከፍተኛ ትምህርት ማለት ለእኔ እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ማድረግ ነው።

በቅርብ ዓመታት የሙያ ሥልጠናው መሰላል ከደረጃ 5 አልፎ እስከ ደረጃ 8 እንዲዘልቅ ተወስኗል፤ ይህም ሙያተኛው ሙያውን ሳይተው እስከ ዶክትሬት አቻ እንዲወጣ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። መሰላሉ ግን አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከቆመ ለወረባቦ ልጅ ምኑም አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ይቁም። ኢንስቲትዩቱ በየዓመቱ ከሚቀበላቸው ውስጥ የተወሰነውን ወንበር ሙያ ላይ ለቆዩ ይተው፤ ፋብሪካዎቹ በመግቢያ ፈተናው ላይ ከመምህራኑ ጋር ይቀመጡ፤ ተማሪው እንደ ጎንደር የጤና ቡድን ሥራ ላይ ይማር። ያ የብየዳ ቤት ልጅ ደረጃ 4 ይዞ፣ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ሠርቶ ሲመጣ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን አይሁን። ማሽኑ ፊት ይቁምና ይፈተን።