በሱሉልታ መንገድ ያለፈ ጸሐፊ

ከቡራዩና ከአስኮ በኩል የሚመጣ ታክሲ ረዳት «ዊንጌት!» ብሎ ሲጣራ፣ ተሳፋሪው የሚያስበው ትምህርት ቤቱን ወይም ሠፈሩን ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የመኮንኑን ጸሐፊ አብርሃም አካቪያን የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

አካቪያ ከፍልስጤም የመጣ አይሁዳዊ ነበር። ዊንጌት እዚያ ሲያገለግል ተዋውቀዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ ዘመቻ ሲነሳም አስከትሎት መጣ። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ገቡ። ዊንጌት ጎጃም ላይ የመራው ጦር ስሙን ያገኘው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ በሦስት መቶ ሰው፣ በቀንደ መለከትና በማሰሮ ብዙ ጠላት ካሸነፈው ከጌዴዎን። ስሙ ለጉራ ብቻ አልወጣም። ጦሩ ትንሽ ስለነበር ጠላትን ማሳሳት ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ ወረቀት ከጥይት ባላነሰ ጠቅሟል።

ገና ከዘመቻው በፊት የጃንሆይ ማኅተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች ወደ ጎጃም አርበኞች ይላኩ ነበር። ካርቱም ላይ ደግሞ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር።

ጃንሆይ ከደብረ ማርቆስ ተነስተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በፍቼና በሱሉልታ አድርገው እንጦጦን ወጡ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ይመራ ነበር። በዓሉ እንዳለፈ እሱ ዞሮ ወደ ሰሜን ሄደ፤ የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ብዙ ሺህ ወታደር ይዞ በደራ በኩል ይሸሽ ነበርና።

እዚያ የሆነው ነገር ከጦርነት ይልቅ ክርክር ይመስላል። ዊንጌት ለኮሎኔሉ ደብዳቤ ጻፈ፦ እንግሊዞቹ መኮንኖች ለቀው ሊሄዱ ነው፤ አሁን እጅህን ካልሰጠህ የምትቀረው ከአርበኞች ጋር ብቻህን ነው የሚል ነበር። ማራቬንታኖ መጀመሪያ እምቢ አለ። ግንቦት 15 ግን እጁን ሰጠ። በዙሪያው የነበሩት የራስ ካሳ አርበኞች ባይኖሩ ያ ደብዳቤ ምን ክብደት ይኖረው ነበር? የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህን ነገር አንዳንዴ ቶሎ ያልፉታል።

አካቪያ በኋላ የዊንጌትን ታሪክ በዕብራይስጥ ጽፏል። የዊንጌት ቤተሰብ ያስቀመጣቸው ወረቀቶች ደግሞ ክሪስቶፈር ሳይክስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ላሳተመው መጽሐፍ ዋና ምንጭ ሆነዋል።

ከኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ከቤተ እስራኤል ወገንም በዚያው ዘመን የኖረና በደብዳቤው የሚታወቅ ሰው አለ፤ ታምራት አማኑኤል። ጠመንጃ አንግቶ የዘመተ ሰው አልነበረም፤ መምህር ነበር። ፖላንድ የተወለደው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በወጣትነቱ ወደ አውሮፓ ወሰደው፤ ታምራት ፈረንሳይና ጣሊያን ተምሮ ተመለሰ። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርቷል። ፋሺስቶች ሲገቡ የተማረ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከደረሰው እልቂት በኋላ ደግሞ ባሰ። ታምራት ተሰደደ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ አገልግሏል፣ ፓሪስም ተልኳል።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው ታምራት ለደጋፊው ለፋይትሎቪች ዝም ብሎ የሚታዘዝ ተማሪ አይደለም፤ የራሱ አሳብ ያለው ሰው ነው። ተመራማሪዋ ኤማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ ሰብስባ በጣሊያንኛ በ2000 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ አሳትማቸዋለች። የፋይትሎቪች መጻሕፍትና ወረቀት ያሉት ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ታምራት ራሱ በ1963 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ አረፈ።