አካል ጉዳተኞች ለእኩል መብት ያደረጉት ትግል እና የቤተ ክርስቲያን ደጅ

ስለ አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ሲነሣ በብዙዎቻችን ልብ ቶሎ የሚመጣው «እንርዳቸው» የሚል አሳብ ነው። መርዳት መልካም ነው። ነገር ግን ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዛሬ ኖሮ ነገ ሊቀር ይችላል። መብት ግን ሰው ሰው በመሆኑ የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ የሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ይህንን መብት በሕግ ለማስከበር ያለፉበትን መንገድ በአጭሩ እናያለን፤ ከዚያም እኛን ምእመናንን የሚመለከተውን ጥያቄ እናነሣለን።

ትግሉ እንዴት ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለምና በሃይማኖት የሚደረገውን አድልዎ ሲከለክል፣ አካል ጉዳትን በተመለከተ ያለው ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን አካል ጉዳተኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ቢመለስ ወላጆቹ የሚከራከሩበት ሕግ ማግኘት ይቸግራቸው ነበር።

ከትግሉ ቀዳሚዎች አንዱ ኤድ ሮበርትስ ነው። በ14 ዓመቱ በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ተይዞ አብዛኛው አካሉ አልታዘዝ ቢለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለመተንፈስ የሚረዳውን ከባድ መሣሪያ የሚይዝ የተማሪዎች መኝታ ስላልነበረ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ እየኖረ ተማረ። በበርክሌይ የተጀመረው እንቅስቃሴ እያደገ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተቋቋመ።

ሌላዋ ጁዲ ሂውማን ናት። እርስዋም በሕፃንነትዋ በልጅነት ልምሻ ተይዛ በዊልቸር ትሄድ ነበር። ለትምህርት ስትደርስ ዊልቸርዋ ለእሳት አደጋ ጊዜ እንቅፋት ይሆናል ተብላ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። አድጋ መምህርነት ብትማርም እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ የማስተማር ፈቃድ ከለከላት። እርስዋ ግን ከሰሰች፤ ፈቃዱንም አግኝታ በከተማው በዊልቸር ሆና ያስተማረች የመጀመሪያዋ መምህርት ሆነች። ጁዲ ሂውማን እ.ኤ.አ. በ2023 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሠራ ኖራለች።

አንቀጽ 504

እ.ኤ.አ. በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት የተሐድሶ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 504 የሚባል አጭር ክፍል አለ። አሳቡም ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ ማግለል አይችልም የሚል ነው። ይሁን እንጂ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሳይፈረም ዓመታት አለፉ። ደንብ የሌለው ሕግ ደግሞ በወረቀት ላይ የቀረ ተስፋ ነበር።

በመሆኑም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1977 አካል ጉዳተኞች በተለያዩ ከተሞች ሰልፍ ወጡ። በሳን ፍራንሲስኮ ከ100 የሚበልጡት ወደ ፌዴራል ሕንፃው ገብተው «ደንቡ ሳይፈረም አንወጣም» አሉ። ከመካከላቸው ሌላ ሰው ካላገላበጣቸው በቀር መተኛት የማይችሉና መድኃኒታቸው በቤታቸው የቀረ ነበሩ። የስልክ መስመር ሲቋረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ወገኖች በመስኮት ቆመው በምልክት ቋንቋ ወደ ውጭ መልእክት አስተላለፉ። ብላክ ፓንተርስ የተባለው የጥቁሮች ድርጅት ትኩስ ምግብ ያመጣላቸው ነበር። ከመካከላቸው የተላኩት ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱም ሉተር ፕሌስ የምትባል የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማደሪያ ሰጠቻቸው። በመጨረሻም ኃላፊው ጆሴፍ ካሊፋኖ ኤፕሪል 28 ቀን ደንቡን ፈረሙ። ሰልፈኞቹም ከሕንፃው የወጡት ከዚያ በኋላ ነበር።

የ1990ው ሕግ

አንቀጽ 504 የመንግሥት ገንዘብ የማይቀበሉትን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና የግል መሥሪያ ቤቶች አይነካም ነበር። ይህንን ክፍተት የሚዘጋ ሰፊ ሕግ በምክር ቤት ሲጓተት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1990 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ከታች ትተው የዋሽንግተኑን የምክር ቤት ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ። ከእነርሱም አንዷ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ሕጉ እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1990 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ተፈረመ።

በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ የጸለዩት ያለ እጅ የተወለዱት አገልጋይ ሃሮልድ ዊልኪ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ የፊርማውን ብዕር ሲሰጧቸው በእግራቸው ጣቶች ተቀበሉ። አካል ጉዳት ሰውን ከአገልግሎት እንደማያስቀር ብዙዎች በዓይናቸው አዩ።

ቤተ ክርስቲያንስ?

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ይህ ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሥፍራዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ሲያስገድድ፣ የሃይማኖት ድርጅቶችንና የአምልኮ ቤቶችን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎአቸዋል። የየአካባቢው የሕንፃ ደንብ የሚጠይቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሆኖም በዚህ የፌዴራል ሕግ መሠረት ሲኒማ ቤት መግቢያውን እንዲያስተካክል ሲገደድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አልተገደደችም። ጉዳዩ ለሕሊናችን ተትቷል ማለት ነው።

በአገራችንም የሕጉ መንገድ ተከፍቷል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. ወጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ወንድም በየእሑዱ በወጣቶች ትከሻ ደረጃ ሲወጣ አይተን «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እንላለን። ነገር ግን እርሱ የሚመጣው ተሸካሚ ሲገኝ ብቻ ነው። ለጸሎት ፕሮግራም ብቻውን መምጣት፣ ሲፈልግ ወጥቶ መመለስ፣ መጸዳጃ ቤት መግባት አይችልም። ሌላው ደግሞ በመጣ ቁጥር እጅ ይጫንበታል፤ ካልተፈወሰ እምነቱ ይጠየቃል። እኛ እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን። ይሁንና መወጣጫ መሥራት የሰውየውን መፈወስ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች በሩ በሕዝብ ብዛት ስለተዘጋባቸው ጣራውን አነሡ። ሕንፃው እንቅፋት ሲሆንባቸው የለወጡት ሕንፃውን እንጂ ሰውየውን ወደ ቤቱ አልመለሱትም። በዘሌዋውያን 19፥14ም በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። ዕንቅፋቱ ሳናስበው የሠራነው ደረጃ ሊሆንም ይችላል።

አጥቢያዎቻችን ከዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ፦

1. ከሁሉ አስቀድሞ አካል ጉዳተኛ ምእመናንን ራሳቸውን መጠየቅ፤ ያለ እነርሱ አለመወሰን።
2. በመግቢያው፣ በመጸዳጃ ቤቱና በመድረኩ ዊልቸር የሚያልፍበት መንገድ ማዘጋጀት። መድረኩ መረሳት የለበትም፤ የተጠሩት ለመስማት ብቻ አይደለምና።
3. የምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉሙ አገልጋዮችን ማሠልጠን።
4. ማየት ለተሳናቸው ትምህርቱንና መዝሙሩን በድምፅ ወይም በብሬል ማዳረስ።
5. በመዘምራን፣ በማስተማርና በሽምግልና አገልግሎት እንደ ጸጋቸው ቦታ መስጠት።

በሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጡት ወገኖች መንግሥት በሩን እስኪከፍት ድረስ ሳምንታት በወለል ላይ ማደር ነበረባቸው። በእኛ ደጅ ማንም ሰልፍ አይወጣም፤ የሚከስሰንም ላይኖር ይችላል። መግባት ያልቻለው ሰው ዝም ብሎ ከቤቱ ይቀራል፤ እኛም ያልመጣውን ሰው አናየውም። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ወደ ጉባኤ ስንገባ ደረጃችንን አንድ፣ ሁለት ብለን እንቁጠር፤ ከዚያም በእነዚያ ደረጃዎች ምክንያት ከቤቱ የቀረ ማን እንደሆነ እንጠይቅ።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።