የሊቶግራፍ ምስለ ሰብእ

ሊቶግራፍ፣ ማለትም የድንጋይ ኅትመት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባቫሪያ አሎይስ ዜኔፌልደር የፈለሰፈው የማተሚያ ስልት ሲሆን፣ ቅባትና ውኃ ስለማይዋሐዱ በቅባታማ እርሳስ በኖራ ድንጋይ ላይ የተሣለው መልክ ብቻ ቀለሙን ይዞ ወደ ወረቀት ይተላለፋል። ስልቱ የታዋቂ ሰዎችን ምስል በርካሽ ለማባዛት ያስቻለ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ከ1845 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ጠበቆችንና ዳኞችን በሰላ ትችት የሣለበት ተከታታይ ሥራ የዘርፉ ቁንጮ ነው። ኢትዮጵያን በሚመለከት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሃሪስ ከመራው የእንግሊዝ የልዑካን ቡድን ጋር ወደ ሸዋ የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ በ1852 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሊቶግራፍ መድበል ውድ ቅርስ ነው።