«አስፕሪን» የማን ነው?

ራሱን ያመመው ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «አስፕሪን አለ?» ሲል «የየትኛው ፋብሪካ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቢጠይቁትም ግር ይለዋል። ለእሱ አስፕሪን አስፕሪን ነው፤ እንደ ጨው፣ እንደ ስኳር። ነገር ግን ይህ ቃል አንድ ጊዜ አጥር ነበረው፣ ባለቤትም ነበረው። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ ክኒን ላይ የጻፈው ነጋዴ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር። አጥሩ እንዴት እንደቆመና እንዴት እንደፈረሰ ማወቅ የፋርማሲ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ጓሮ ይመጣልና አንባቢ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ አንድ ኩባንያ ሀብቱን የሚያስከብርባቸው ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው ፓተንት ነው። መንግሥት ፈልሳፊውን «ያገኘኸውን ጥበብ ገልጠህ ጻፍ፤ እኔም ለተወሰነ ዘመን ካንተ በቀር ማንም እንዳይሠራው እከለክልልሃለሁ» የሚልበት ውል ማለት ነው። በአሜሪካ ያ ዘመን 17 ዓመት ነበር። ሲያልቅ ጥበቡ የሁሉም ይሆናል። ሁለተኛው ወረቀት የንግድ ምልክት ነው። ይኸኛው ዕቃውን ትቶ ስሙን ያጥራል፤ እየታደሰና እየተሠራበት እስከሄደ ድረስ ማለቂያ የለውም። ብልጥ ኩባንያ ታዲያ ሁለቱን ያጋባቸዋል። ፓተንቱ ሲሞት ስሙ ይወርሰዋል።

የአስፕሪን ዘር ማንዘር የሚቆጠረው ከአኻያ ዛፍ ነው። በእኛም አገር በወንዝ ዳር የሚበቅል የአኻያ ዘመድ አለ። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ቅርፊት ትኩሳት እንደሚያበርድ ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። ሊቃውንቱ ከዚያ መንገድ ሄደው ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ ደረሱ፤ መድኃኒቱ ሕመም ቢያስታግሥም ሆድ ያቃጥል ነበር። በ1853 ሻርል ዤራር የተባለ ፈረንሳዊ አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድን ሠራ፤ ንጹሕ ግን አልነበረም። ንጹሑን ያወጣው በ1897 ጀርመን አገር ኤልበርፌልድ ውስጥ፣ ቀለም በማምረት ሥራ በጀመረው በባየር ኩባንያ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ፌሊክስ ሆፍማን ነው። ቢያንስ ወረቀቱ የሚለው ይህንን ነው። አርቱር አይኸንግሪውን የተባለ ሌላ የባየር ኬሚስት፣ በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ የታሰረ አይሁዳዊ፣ በ1949 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው «ሆፍማን የሠራው በእኔ መሪነት ነው» ሲል ጽፎ አሳተመ። ኩባንያው ይህን አይቀበልም፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እንግዲህ ከቄሱ እስከ ኬሚስቱ ስንት እጅ እንደገባበት አስቡት። ፓተንቱ ላይ የሰፈረው ስም ግን አንድ ነው።

ባየር በ1899 «አስፕሪን» የሚለውን ቃል በርሊን ላይ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ፓተንት ሲጠይቅ ግን መልሱ እንደየአገሩ ተለያየ። ጀርመን «ነገሩ ቀድሞ የታወቀ ነው» ብላ ከለከለች። እንግሊዝ ሰጥታ በ1905 በፍርድ ቤት ሻረችው። አሜሪካ ደግሞ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ቁጥር 644,077 የሆነውን ፓተንት ለሆፍማን ሰጠች፤ በሆፍማን በኩልም መብቱ የኩባንያው ሆነ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ተከራካሪ በመጣ ጊዜ አጸኑለት። አንድ ዱቄት፣ ሦስት አገር፣ ሦስት ፍርድ! ፓተንት ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን አንድ መንግሥት በአንድ ዘመን የሚቆርጠው ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምስክር አላውቅም።

በአሜሪካ ለ17 ዓመት ሞኖፖሉ የባየር ሆነ። ሆኖም እዚህ ላይ ኩባንያው አንድ ስሕተት ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዱቄቱን የሚሸጠው ለመድኃኒት ቀማሚዎች ነበር። እነሱ ክኒን አድርገው፣ በራሳቸው ጠርሙስ አሽገው፣ «አስፕሪን» ብለው ይሸጡታል፤ የባየር ስም በጠርሙሱ ላይ የለም። ሕመምተኛው ባየርን ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው ራሱን የሚያሽለውን ነጭ ክኒን ነው። ኩባንያው የፓተንቱ ዕድሜ ማለቁን አይቶ ከ1915 ጀምሮ ክኒኑን ራሱ እየሠራ «ባየር» የሚል ማተም ቢጀምርም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ፓተንቱ በፌብሩዋሪ 1917 አበቃ። በኤፕሪል አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገባች። የጠላት ንብረት ተብሎ የተያዘው የባየር የአሜሪካ ቅርንጫፍ በዲሴምበር 1918፣ ሬንሰለር በሚገኘው ፋብሪካው ደጃፍ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ስተርሊንግ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 5,310,000 ዶላር ከፍሎ ገዛው። አብሮት የገዛው ትልቁ ሀብት ያው ቃሉ ነበር።

ሌሎች አምራቾች ግን «ፓተንቱ አብቅቷል» ብለው አስፕሪን እያሉ መሸጣቸውን ቀጠሉ። አዲሱ የባየር ባለቤት ዩናይትድ ድራግ የተባለውን ኩባንያ ከሰሰ። በ1921 ኒው ዮርክ ላይ ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ሊርነድ ሃንድ ክርክሩን ሁሉ ወደ አንዲት ጥያቄ ሰበሰቡት፤ ገዢው ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ የሚረዳው ምንድን ነው? ሐኪሙና ፋርማሲስቱ የባየርን ዕቃ ይረዳ ይሆናል፤ ለነሱ በሚደረገው ሽያጭ ቃሉ ለባየር ይቆይ ተባለ። ተራው ሰው ግን የሚረዳው መድኃኒቱን ነው፤ ስለዚህ ለሕዝብ በሚሸጠው ላይ ቃሉ የማንም ሊሆን አይችልም። ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበትን አጥር የአላፊ አግዳሚው አፍ አፈረሰው። (በካናዳና በጀርመን ግን አጥሩ አልፈረሰም፤ እዚያ ቃሉ የባየር ነው።)

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር፤ ሕዝብ አሸነፈ ብለን እናጨበጭባለን። ግን ያው ሕግ በሌላ በኩል ሲዞር እንየው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሐረርንና ሲዳሞን በመጀመሪያ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ስሞቹ በገዢው ዘንድ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል! የ1921ዱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስሙን ሊያጣ የነበረው የሐረርና የሲዳሞ ገበሬ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በ2008 ሲዳሞ ተመዘገበ።

ጤፍንም አንርሳ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጠ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ያቦኩትን እህል ማለት ነው። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ የኔዘርላንድሱን ፓተንት እስኪሽረው ድረስ ወረቀቱ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር።

ታዲያ አስፕሪን ነጻ ሲወጣ ደስ ያለን ሰዎች ሲዳሞ ሲታጠር ደስ ሲለን ራሳችንን እንቃረናለን? አይመስለኝም። «አስፕሪን» የተፈጠረው ያለቀ ሞኖፖል በስም እንዲቀጥል ሲሆን፣ «ሲዳሞ» ግን ማንም ነጋዴ ያልፈጠረው የአገርና የሰው ስም ነው። አንደኛው አጥር በሽተኛውን ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ለቃሚውን ሊያስከፍልለት ይችላል፤ የተገኘው ትርፍ እጁ ከደረሰ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶች፤ ከመቃብር በላይ ሲውል ማን ይበላበታል የሚለውን ግን ለእኛ ትተውልናል።