ቡና ሲታረድ

በ2001 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና በሽታ አጣብኝ። «ጭንቅላትህ ሞልቷል፤ ማታ ማታ ስልክህን ዝጋ፣ በእግርህ ሂድ፣ በቀን ውስጥ ምንም የማትሠራበት አንድ ሰዓት ይኑርህ» ብሎ አሰናበተኝ። እውነቱን ልናገርና ለዚህች ምክር ካርድ ማውጣቴ ቆጨኝ። ምንም የማይሠራበት ሰዓት ያለው ሰው ሐኪም ቤት ምን ወሰደው?

ያን ሰሞን ለሥራ ወደ ወለጋ መሄድ ነበረብኝ። ነቀምቴ በአምቦና በባኮ በኩል ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያን ያማረ አገር አንዴ እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ ስልኬን ስነካካ ደረስኩ።

ነቀምቴ ላይ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት አየሁ። አባታቸው ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገብረው ስለነበር ሌቃ ነቀምቴ በራሷ ባላባት እየተዳደረች፣ ለሸዋ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ትገብር ነበር። ታሪክ አጥኚዎቹ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የዚያን ዘመን የወለጋ ደብዳቤዎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ አውጥተዋል። የግቢውን አጥር ተደግፌ እነዚያን ደብዳቤዎች ሳስብ፣ ኩምሳስ ጭንቅላታቸው አይሞላም ነበር? አልኩ። ላይ ንጉሠ ነገሥት፣ ታች ሕዝብ፣ መሃል ላይ እሳቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ስልክ እስኪገባ ድረስ ያ ሁሉ ጣጣ በሰው እግርና በበቅሎ ነበር የሚጓጓዘው። መልእክተኛው ወጥቶ እስኪመለስ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። መንገዱ ራሱ በግድ ያሳርፍ ነበር።

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ አልፌ ጊምቢ ገባሁ፤ የአንድ ወዳጄ እናት ቤት። ደጃፉ ላይ ቆሜ ስልክ ሳወራ እማማ ጥቂት ታገሡኝና፣ «ታኢ! ቁጭ በል እንጂ ልጄ። ቆሞ እንግዳ አለ እንዴ?» አሉኝ።

ያን ቀን ያቀረቡልኝ ቡና ቀላ ነበር። «ቀላ» በኦሮምኛ ማረድ ነው። አማርኛችንም አንገት መቀላት ይላል፤ ዘመድ ይሁኑ አይሁኑ ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ። ጀንፈሉ እንዳለ ይመጣል፤ አይፈለፈልም፣ አይወቀጥም። የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ይነከሳል፤ መታረዱ ይኸው ነው። ከዚያ በሸክላ ድስት በቅቤ ይቁላላል። ቅቤው ሲግል ፍሬው ጧ ጧ እያለ ይከፈታል። እስኪበስል ድረስ ማንም አይነሳም፤ ተነስቶስ የት ይደርሳል? ሲበስል ሽማግሌ ይመርቃል፣ ፍሬው ይታኘካል፣ ከቅቤውም አናት ይቀባል። እኔም ተቀባሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለቴ ጮኸ፤ እጄ ቅቤ ስለነበር አላነሳሁትም። (እንዲህ ያለ መላ ለሐኪሙም አልታየውም።)

በወለጋ ለብዙ ዓመታት የኖሩት ሆላንዳዊው ቄስ ላምበርት ባርትልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ሥርዓት ቦታ ሰጥተው ጽፈዋል። እኛ ደገኞች ግን ቡናን አክብረን የተቀበልነው ዘግይተን ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ድረስ ክርስቲያኑ የእስላምና የኦሮሞ ነገር ነው እያለ ይጸየፈው ነበር። ነገሩ የተለወጠው በምኒልክ ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱም ቡና ሲጠጣ ነው። ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ከጥንት ጀምሮ የኛ ነው ስንል ትንሽ ማፈር አለብን። የዓለም ነጋዴም ቢሆን የዚህን አገር ቡና እስካሁን የሚጠራው «ለቀምፕቲ» ብሎ ነው፤ ነቀምቴ በድሮ አማርኛ ስሟ፣ ለቀምት።

አንድ ነገር ግን ያጠያይቀኛል። ቡና እኮ ያነቃል እንጂ አያሳርፍም። ካፌይን የሚሠራው ሰውነት «ደክሞሃል፣ ተኛ» ብሎ የሚልከውን መልእክት አንጎል እንዳይሰማ በመዝጋት ነው። ታዲያ የሞላ ጭንቅላት በቡና እንዴት ይቀለዋል? ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚዘምቱ፣ አንዷ ድብልብል ከእንጀራም ከሥጋም በላይ ለቀኑ እንደምታበረታ ጽፏል። እንግዲህ ያው ቡና፣ ያው ቅቤ ነው። ዘማቹን ያስሮጠዋል፣ እማማ ቤት ደግሞ እኔን ያስቀምጠኛል። የሚያሳርፈው መቀመጡ ነው ማለት ነው፤ ቡናው ሰበቡ ነው። አዲስ አበባ ቆሜ የምጨልጠው ማኪያቶ ለካስ የዘማቹ ድብልብል ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ከእማማ ጋር በስልክ እንጠያየቅ ነበር። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። መንግሥት ከታጣቂዎች ጋር ይዋጋ ነበር። ሦስት ወር ያህል ደወልኩ፤ አይሠራም። የሐኪሙን ምክር የማስታውሰው ይሄኔ ነበር። ስልክ መዝጋት የሚያሳርፈው የዘጋኸው አንተ ስትሆን ነው። ሌላ ሰው ሲዘጋብህ፣ ያልመጣው ወሬ ከመጣው በላይ ጭንቅላት ይሞላል።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል መስመሩ ተከፈተ። እማማ አነሱት።

«እንዴት ከረማችሁ እማማ?»

«ምን እንሆናለን ልጄ። ጎረቤቱ በየቀኑ እየመጣ ቡና ነው የምንጠጣው። የሰማነውን እናወራለን፣ የሚለቀሰውን እናለቅሳለን፣ ማታ ትንሽ እንተኛለን።»

ብዙም ሳይቆይ ኮሮናን ለመከላከል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ነውና ልጆቻቸው አንድም ሰው እንዳያስገቡ አስጠነቀቋቸው። በሚያዝያ ስደውል ድምፃቸው ቀዝቅዟል። ለብቻቸው አፍልተው፣ አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን እየጠበቁ ነበር።

ደኅና ሁኑ ልል ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ አትዝጋው» አሉኝ። «ዝም ብለህም ቢሆን እዚያው ቁጭ በል። በረካው ይድረስ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲቀዱ ይሰማኝ ነበር።