ድንኳንና ቃሎቹ፦ ከነገሥታት ሰፈር እስከ አቃቂ በሰቃ ዕድር

ለመንገደኞች የተዘጋጀ የድንኳን አተካከል መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ መካከል ላይ የሚቆመውንም መሬት ውስጥ የሚመታውንም «እንጨት» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው የትኛውን አቁሞ የትኛውን እንደሚመታ ግራ ይገባዋል። የስሕተቱ ምንጭ ግን የቋንቋው ድህነት አይደለም። አማርኛ መካከለኛውን ምሰሶ፣ ሸራውን የሚወጥረውን አውታር፣ አውታሩ የሚታሰርበትን ካስማ ይለዋል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 54 ቁጥር 2 ላይ አውታርንና ካስማን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ይህ የቃላት ሀብት የተከማቸው መንግሥቱ ራሱ ለረጅም ዘመን በድንኳን ይኖር ስለ ነበር ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ቦታ በለወጠ ቁጥር አቀማመጡ እንደማይለወጥ ጽፏል። የዚህ ሥርዓት አሻራ በማዕረግ ስሞቻችን ላይ ይታያል፤ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማችም በደጁ ይታወቃሉ። ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ሰፈር፣ ንጉሥ የከተመበትም ከተማ ተባለ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ካረፉ በኋላ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በየመኳንንቱ ሰፈር ተከፋፍላ አደገች። ዛሬ «ደጃች ውቤ ሰፈር» የሚል ሰው የድንኳን ቃል እየተናገረ መሆኑን አያስበውም።

ቃል ከዕቃው ሊለይ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ደብተራ ነው። በግዕዝ ኦሪት ደብተራ ማለት ድንኳን ነው፤ ሥሩንም ሊቃውንት ዲፍቴራ ከሚለውና ቆዳ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ጋር ያያይዙታል። በአማርኛ ግን ቃሉ ለቤተ ክርስቲያን ሊቅ መጠሪያ ሲሆን፣ ዕቃው ድንኳን በሚለው ስም ቀረ።

ሰፈርና ከተማ ከድንኳኑ ወጥተው ሲሄዱ፣ የተከላው ቃላት የት ቀሩ? መልሱን ያገኘሁት በአቃቂ በሰቃ፣ ለለቅሶ ድንኳን በሚተክሉ የዕድር አባላት መካከል ነው። አንድ ሽማግሌ ወጣቶቹን «ካስማውን ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ አውታሩ ወደ ውስጥ ይስበዋልና» ሲሉ ሰማሁ። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሥራው ሕግና ትክክለኛው ቃል አብረው ተገኝተዋል። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲረጥብ ደግሞ ይለሰልሳልና ካስማው ይነቀላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ይመርጣሉ፣ ውሃ መውረጃ ቦይም በዙሪያው ይቆፍራሉ። የቃጫ ገመድ ሲርስ ስለሚኮማተር፣ ዝናብ ሲመጣ አውታሩን ላላ ያደርጉታል። አስፋልት ላይ ካስማ አይገባምና የብረት ቋሚ አቁመው ገመዱን በከባድ ድንጋይ ያስሩታል። ሸራው ሲወርድ ደግሞ፣ ከሰል የሚነደው ውጭ ብቻ ነው፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ጢስ ይገድላልና።

የጉዞ ድንኳን የሚተክልም ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው አዲስ ቃል ከመፍጠሩ በፊት የዕድሩን ድንኳን ተካዮች ቢጠይቅ ይበጀዋል። በመዝገበ ቃላትም ካስማ «ችካል» በሚል ፍቺ ብቻ መታለፍ የለበትም፤ ችካል ከብት ይታሰርበታል፣ ወሰንም ይከለልበታል፤ ካስማ ግን የሚተከለው ለአውታር ነው። «ድንኳን ሰባሪ» የሚለው ፈሊጥ ሳይጠሩት ድግስ የሚገባ ሰው ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ለመጥፋት አያሰጋም። የሚያሰጋው የካስማና የአውታር ነገር ነው። ሸራና ገመድ በብረትና በብሎን በተተካ መጠን የሚጠሯቸው ሰዎች እያነሱ ይሄዳሉ። የቃላት ሰብሳቢ ሥራም ድንኳኑ ሳይነቀል እዚያ መድረስ ነው።